“ወጣለት” ያልን ዕለት

ባለፈው ወር፣ በዕለተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከተሰጠችኝ ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ፣ በዘይት የሞቀ የጤና አዳም ሽታ ከማድ ቤት ተነሥቶ በበሩ ሥር ገባ። ሽታ ከትዝታ መንገዶች ሁሉ ፈጣኑ ነው፤ አያንኳኳም፣ ፈቃድም አይጠይቅም። ዕድሜዬ ከሰባ አምስት አልፏል፤ ያንን ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ሦስት ጊዜ ያሳርፈኛል። ያ ሽታ ግን በአንድ ትንፋሽ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ፣ በገርጂ ጭቃ መካከል፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ መዳፉን በግራ ጆሮው ላይ ለጥፎ ከሚንሰፈሰፍ የአምስት ዓመት ልጅ ፊት አቆመኝ። ልጁ ኅሩይ ይባላል፤ የአብራኬ ክፋይ ነው። ዛሬ እኔን የሚጦረኝ፣ ይህችን ክፍል የለቀቀልኝ፣ ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ በብየዳ ሥራ የሚተዳደር ጎልማሳ ሆኗል። ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ቀኙም ቢሆን የሚታመኑበት አይደለም። ይህ በማን ጥፋት እንደ ሆነ አሳምሬ ዐውቃለሁ፤ በኔ ነው። እስካለፈው ወር ድረስ ያላወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጁ የማይሰማ መሆኑን ያን ያህል ዘመን ከኔ ለምን እንደ ሸሸገ።

ገርጂ ያን ጊዜ ከተማ አልነበረችም፤ ለከተማ የታጨች ገጠር ነበረች። ዛሬ ቀለበት መንገዱ በሚጠመዘዝበት፣ ታክሲዎች አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጥጠው በሚሰዳደቡበት ቦታ ላይ ስንዴ ይዘራ ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይቀማል፤ ልጃገረዶች ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው አንጠልጥለው እስከ አስፋልቱ ይሄዱና፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል እግራቸውን ጠርገው፣ እንደ ቦሌ ልጅ ተጫምተው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ጎረምሶች ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው መንገዱን ይጠርጉታል። መንግሥት ተለውጦ ነበር ወይስ ሊለወጥ ነበር፣ እርሱን ለሚያውቁት እተዋለሁ፤ እኔ የማስታውሰው ስኳር በኩፖን፣ ሳሙና በወረፋ እንደ ነበረ፣ ዳቦ በዐሥራ አምስት ሳንቲም ተገዝቶ ለሁለት ልጆች ይበቃ እንደ ነበረ ነው። ከአጥራችን ማዶ ጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ቴፕ ነበራት፤ ከቀትር ጀምሮ እስከ ሠርክ ታጫውተዋለች። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝና ዘፈን አላዳምጥም ነበር፤ ዳሩ ግን ሁሉንም እስከ አዝማቹ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። የዜማ ሰው ጆሮ በር የለውም።

በዚህ ጆሮዬም እመካ ነበር፤ ኃጢአቴን መናገር ከዚህ ይጀምራል። ከጎጃም የዜማ ምስክርነቴን ይዤ መጥቼ በአካባቢው ደብር መምህር በሆንሁ ጊዜ፣ ሃያ ተማሪ በአንድ ድምፅ ሲያዜም ከመካከላቸው ከዜማው ምልክቶች ድፋቱን ቅናት፣ ርክርኩን ጭረት ያደረገውን አንዱን ልጅ፣ ጀርባዬን እንደ ሰጠሁ በስሙ እጠራው ነበር። ሰዎች ይደነቁብኝ ነበር። “የኔታ ጆሯቸው የሰው አይደለም” ይሉ ነበር። እውነት ብለዋል፤ የሰው ጆሮ ቢሆን ኖሮ የገዛ ልጁን ይሰማ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጉንፋን ነው። ኅሩይ ሳምንት ሙሉ አፍንጫው ሲፈስ ሰነበተ፤ ማንም ልብ አላለውም፣ የገርጂ ልጅ አፍንጫው ያልፈሰሰ ስለሌለ። ከዚያ “ጆሮዬን! ጆሮዬን!” ማለት ጀመረ። ሰውነቱ እንደ ፍም ተቃጠለ፤ እህል አስጠላው፤ ጭንቅላቱን ትራስ ባስነኩት ቁጥር ይጮኻል። እናቱ ደብሪቱ፣ ነፍሷን በገነት ያኑራትና፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች።

“ጤና ጣቢያ እንውሰደው” አለችኝ።

“ለጆሮ ሕመም ጤና ጣቢያ?” አልኋት። “ጤና ጣቢያማ ወባና ተስቦ አለበት። ሌላ ሕመም ታስይዥዋለሽ።”

ጤና አዳም በመዳፏ አሽታ፣ ከኑግ ዘይት ጋር አሙቃ፣ ሦስት ሦስት ጠብታ ጨመርንለት። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጧት ልጁ ጩኸቱን አቆመ። ስንገላልጠው ትራሱ ላይ ደም የቀላቀለ ቢጫ ፈሳሽ አየን፤ ልጁ ግን ተኝቷል፤ ትኩሳቱም ጋብ ብሏል። ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን ገብታ አየችና እጇን አጨብጭባ “እሰይ! ወጣለት!” አለች። ደብሪቱም “ወጣለት” አለች። እኔም መስቀሌን አንሥቼ “ተመስገን፣ ወጣለት” አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህች ቃል ብዙ አስቤአለሁ። ሰዋስው የተማርሁ ሰው ነኝ፤ አንዲት ፊደል ሰውን ስታጸድቅና ስትኮንን አይቻለሁ። በቋንቋችን መግል የሚወጣው “ለ”ሰው ነው፤ “ወጣለት” እንላለን እንጂ “ወጣበት” አንልም። ሕመም የሚባል አበዳሪ ከቤቱ ተጠርጎ እንደ ሄደ፣ እንደ በጎ ነገር እንቈጥረዋለን። የልጄ ጆሮ በዚያች በ“ለ” ውስጥ ጠፋ።

በሰፈራችን ጋሽ ተካ የሚባል ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነበር፤ ሲያወልቅ አይተነው በማናውቀው ካኪ ኮት፣ ፍሬን በሌለው ብስክሌት እየዞረ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ከሁሉም በላይ ይቀልዳል። በሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ በአጥራችን ሲያልፍ ልጁን በደጅ አየው።

“የኔታ፣ ይኼ ልጅ ጆሮውን ምን ሆነ?”

“ቆስሎበት ነበር፤ ወጣለት።”

ብስክሌቱን ከአጥሩ አስደግፎ ገባ፤ የልጁን አገጭ ይዞ ወደ ፀሐይ አዞረው፤ አየ፤ አሸተተ።

“ይኼ ሰም አይደለም፣ ወርቅም አይደለም የኔታ፤ መግል ነው። የቅኔ ቤት ነገር እንዳይመስልዎት።”

“ሕመሙ ጠፍቷል እኮ።”

“ይጠፋላ! ታምቡሩ ተቀዶ እንዴት አይጠፋ? ከውስጥ የታቈረው መግል ሲገፋው ነው ልጁ የጮኸው፤ ሲቀደድ መግሉ መውጫ አገኘ፣ ልጁም ዐረፈ። እርስዎ ጋ ከበሮ ቢቀደድ ‘እሰይ ተነፈሰ’ ብለው ያጨበጭባሉ?”

“አንተ ደግሞ ስለ ከበሮ ምን ታውቅና!”

“ስለማላውቅ ነው የምጠይቅዎት” አለና ሣቀ። ከዚያ ሣቁን ተወው። “ነገ ጤና ጣቢያ ይውሰዱልኝ። መድኃኒቱን ዛሬ ነገ ሳይሉ ቢጀምር ቀዳዳው ራሱ ይገጥማል። ይህን ዘይት ከእንግዲህ አያስነኩት፤ ውኃም እንዳይገባው። ከሁለት ሳምንት አልፎ ከፈሰሰ ግን ቤት ሠርቶ ይቀመጥበታል፤ ያን ጊዜ እኔም አላስለቅቀውም።”

አልወሰድሁትም። ምክንያቴን እዚህ ላይ ስጽፈው እጄ ያፍራል። ሰኞ የደብራችን የንግሥ በዓል ዋዜማ ነበረ፤ ማኅሌቱን የምመራው እኔ ነበርሁ። የጤና ጣቢያው ካርድ ከአንድ ጥንድ ሸራ ጫማ ዋጋ አይደርስም ነበር፤ በዚያው ሳምንት ለጥምጣሜ የሚሆን አዲስ ሻሽ መግዛቴን አልረሳሁም። ከሁሉ በታች ያለው ምክንያት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስንቀኛል፤ ፊደል በወጉ ያልቈጠረ ሰው በደጄ ቆሞ፣ ሚስቴ እየሰማች፣ ስለ ከበሮ ሊያስተምረኝ መሞከሩ ነው። ባለመድኃኒቱንም ዕፀዋቱንም የፈጠረ አንድ አምላክ መሆኑን ለሌሎች የማስተምር እኔ ነበርሁ። ጠበልም ወስጄዋለሁ፤ በጠበሉ ላይ ግን አላመካኝም። የጠበሉ አባት ራሳቸው የልጁን ጆሮ አይተው “ይህን በጥጥ ሸፍኑለት፤ ሐኪምም አሳዩት እንጂ መሪጌታ፤ እግዚአብሔር በስንት እጅ ይሠራል” ብለውኝ ነበር። ራሴን ነቅንቄ “እሺ አባ” አልሁና ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ፈሳሹ ይደርቅና ጉንፋን በያዘው ቁጥር ይመለስ ነበር። እኛም ለመድነው። “የኅሩይ ጆሮ ይፈስሳል” እንል ነበር፣ “እገሌ ቁመቱ አጭር ነው” እንደሚባል። ሰባት ዓመት ሲሞላው ከዜማ ተማሪዎቼ ጋር አስቀመጥሁት፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ፈሳሹ ጨርሶ ጠፋ። ጆሮው ደረቅ፣ ነጠላው ንጹሕ ሆነ። ጋሽ ተካን በመንገድ አግኝቼ “አየህ?” አልሁት። ብስክሌቱ ላይ እንደ ተቀመጠ “እግዜር ያርገውና የኔታ” ብሎ ሄደ። በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ወደ ሸንኮራ ገባ፤ ዳግመኛ አላየሁትም፤ ይቅርታ የምጠይቀው እርሱንም አጣሁ።

የዜማ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። መምህሩ ያዜማል፤ ተማሪው በጆሮው ተቀብሎ ይመልሳል። መጽሐፍ ቢኖርም ምልክቱ ያስታውሳል እንጂ አያስተምርም፤ ትምህርቱ ያለው በመምህሩ አፍና በተማሪው ጆሮ መካከል ባለችው በዚያች ክንድ በምታህል አየር ውስጥ ነው። ኅሩይን ከሁሉ አብልጬ ስለ ወደድሁት በቀኜ አስቀመጥሁት፤ የክብር ቦታ ነው። በቀኜ የተቀመጠ ልጅ ወደኔ የሚያዞረው ግራ ጆሮውን ነው። ልጁ በየዕለቱ ቀስ እያለ፣ ቁጢጥ እንዳለ እየተንፏቀቀ ወደ ግራዬ ይዞርብኛል፤ እኔም በየዕለቱ ጆሮውን ይዤ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። የትኛውን ጆሮውን? የቀረበኝን ነዋ፤ የሚሰማበትን።

ፊቴን ሲያይ ሳለ ያዜማል፤ ዐይኑ ከአፌ አይነቀልም ነበር፤ ትጋት መሰለኝ። ፊቴን ወደ ሌላ ልጅ ያዞርሁ እንደ ሆነ ይጠፋበታል፤ ንቀት መሰለኝ። ሰው ሲያናግረው አንገቱን ያጣምማል፤ ትዕቢት መሰለኝ። አንድ ቀን ጠላ ሻጯ ቤት ገብቶ ቀኝ ጆሮውን በቴፑ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ አገኘሁትና ዘፈን የወደደ መሰለኝ፤ ገረፍሁት። ያን ሁሉ ሲመስለኝ፣ አለመስማት ብቻ አልመሰለኝም። “ጆሮ ዳባ ልበስ አልህ!” እለው ነበር በተማሪዎቹ ፊት፤ “የምነግርህን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ!” ተማሪዎቹም ከአባባሌ አንዷን ቃል ነጥቀው “ዳባ” የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ፣ ለክብረ በዓል የተሰጠችውን አጭር ዜማ በሕዝብ ፊት አበላሸ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጠርቼ፣ “አንተ ለዜማ አልተፈጠርህም፤ የአባትህንም ስም አታዋርድ” አልሁት። በማግሥቱ ኢምፔሪያል አጠገብ ከሚገኝ የብረት ሥራ ቤት ገባ። ብዙ ዓመት አልፎ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ የሕክምና ምርመራውን ወድቆ ተመለሰ፤ “ግራ ጆሮህ አይሰማም አሉኝ” አለ እየሣቀ። ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። እርሱም ሌላ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁም፤ ስለዚያ ነገር ለሃያ ዓመት ሁለታችንም ዝም አልን።

እንግዲህ ባለፈው ወር ያ ሽታ በመጣ ጊዜ በሁለት እጄ አልጋውን ተደግፌ ተነሣሁ። የልጄ ሚስት ትርሲት በምድጃው ፊት ቆማለች፤ የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሶልያና በትከሻዋ ላይ ተደፍታ ጆሮዋን እየጎተተች ታለቅሳለች። ከጉንፋን ነበር የተነሣችው። አፌን ሳልከፍት የውጭው በር ተከፈተና ኅሩይ ከነቱታው ገባ።

“ትርሲት፣ ምንድን ነው እሱ?”

“ለሶልዬ ነው። ትናንት ማታ ጀምሯት… ጎረቤቶች ትንሽ ጠብ አድርጊላት አሉኝ።”

“ማንም በልጄ ጆሮ ምንም አይጨምርም!”

በሕይወቱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ብረት ድስቷን አንሥቶ ዘይቱን በማጠቢያው ውስጥ ደፋው። ልጅቷን በጋቢ ጠቅልሎ ያዛት፤ እኔም ከዘራዬን አነሣሁ።

“ደረጃው ይከብድዎታል አባባ።”

“ይክበደኝ።”

ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ በኢምፔሪያል በኩል ወደ ቦሌ ሁለት ታክሲ ያዝን። መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘግቷል። በኢምፔሪያል ስናልፍ አንድ ወያላ ልጄን በመስኮት አየውና “ዳቤ! አንተ ዳቤ! ልጅቷ ምን ሆነች?” ብሎ ጮኸ። የሰፈሩ አራዶች አሳጥረው፣ አቆላምጠው እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠሩታል፤ ፍቅር ነው። ከየት እንደ መጣ አያውቁም። እኔ በሁለት ወፍራም ሴቶች መካከል ተጣብቄ ዐይኔን ጨፈንሁ።

ኅሩይ የመረጠው ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ያለ ክሊኒክ የውጭ በሩን የበየደው እርሱ ነበርና ያውቁታል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጫፏ የሚያበራ ትንሽ መሣሪያ በልጅቷ ጆሮ አስገብታ ተመለከተች።

“ታምቡሯ ቀልቷል፤ ከጀርባው ፈሳሽ ታቊሮ ወደ ውጭ ነፍቶታል። ግን አልተቀደደም። በጊዜ ነው ያመጣችኋት።”

“በጊዜ ማለት ስንት ነው ልጄ?” ብዬ ጠየቅሁ።

“እንደዚህ ነዋ አባቴ፤ ማታ የጀመራትን ዛሬ ማየት። ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጆሮ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ፤ የሕፃናት ደግሞ አጭር ነው። ጉንፋን ሲያሳብጠው ይዘጋና ፈሳሹ ከታምቡሩ ጀርባ ይቀራል፤ ያመረቅዛል። ሁሉም የጆሮ ሕመም አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ ማስታገሻ ሰጥተን የምናያቸው አሉ። የእሷ ግን ትኩሳቱም ስላለ ይፈልጋል። ሲሻላት እንዳታቋርጡት፤ ስትጨርሰው አምጧት፣ መድረቁን በዐይኔ ልይ። እስከዚያ ዘይት የለም፣ ጥጥ መጎርጎር የለም።”

የጋሽ ተካ ቃል ነበር፤ አርባ ዓመት ዘግይቶ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ የመጣ። ሐኪሟ ስትናገር ኅሩይ አንገቱን አጣሞ ቀኙን ሲሰጣት አየች።

“የእርስዎስ ጆሮ?”

“የኔ የቆየ ነው፤ ጋራዥ ገብታ የማትወጣ መኪና ዓይነት።”

“እስቲ ልይ።” በግራው አየች፤ ረጅም ጊዜ አየች። “እስከ ዛሬ ይፈስሳል?”

“ጉንፋን ሲይዘኝ።”

እኔ ወለሉን ተመለከትሁ። ወደ ሆስፒታል የጆሮ ስፔሻሊስት የሚወስድ ወረቀት ጻፈችለት፤ እርሱም በሳምንቱ ሄደ። ያመጣውን ቃል በአጭሩ ልናገር፦ ቀዳዳው በልጅነቱ ሳይገጥም ቀርቶ መግሉ በውስጥ ያሉትን ደቃቃ አጥንቶች በልቷቸዋል፤ ወደ ጭንቅላቱ እንዳይዘልቅም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። “ጆሮህን አደርቅልሃለሁ፤ መስማቱን ግን እመልስልሃለሁ ብዬ አልዋሽህም” ብሎታል ሐኪሙ።

መድኃኒቱ ባለቀ ጊዜ ሶልያናን ለማሳየት ሦስታችን ተመለስን። ተጠባባቂው ክፍል በሰው ተሞልቷል፤ ልጅቷ ከእግራችን ሥር ተቀምጣ የነጠላዬን ጥለት ትቈጥራለች። ሃያ ዓመት ያልጠየቅሁትን ያን ዕለት ጠየቅሁ፤ ለምን ያን ዕለት እንደ ሆነ አላውቅም።

“ኅሩይ፣ ለምን አልነገርኸኝም?”

“ምኑን አባባ?”

“የማትሰማ መሆንህን። በልጅነትህ። ስቀጣህ።”

መጀመሪያ ሣቀ። “አውሮፕላን ሲያልፍ ትዝ ይልዎታል? ቦሌ ሊያርፍ ሲል በትምህርት ቤቱ ጣራ ላይ ነበር የሚያልፈው። ያን ጊዜ እርስዎም ዝም ይሉ ነበር፣ ልጆቹም። ያቺን ጊዜ እወዳት ነበር። ማንም አይሰማም፤ ሁላችሁም እንደኔ ትሆኑ ነበር።”

“አታሹፍብኝ።”

“አላሾፍኩም።” የሥራ ጠባሳ የሞላባቸውን እጆቹን በጉልበቱ ላይ አኖረ። “ዲያቆን መሆን እፈልግ ነበር አባባ። ከምንም በላይ። አንድ ቀን ሥርዓት ሲያስተምሩን፣ ‘ከሰውነቱ ደም ወይም መግል የሚፈስሰው ሰው ወደ መቅደስ አይገባም’ አሉ። እኔ ያን ዕለት ጠዋት ትራሴን በመግል አበላሽቼ ነው የመጣሁት። ከተናገርኩ ያስወጡኛል አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከውኃው ጉድጓድ አጠገብ አጥቤ፣ ጥጥ ጠቅጥቄ እመጣ ነበር፤ እንዳይሸት። የማልሰማ መሆኔን ብነግርዎት፣ ጆሮህን ልየው ይላሉ፤ ካዩት ደግሞ… እማማ ታውቅ ነበር። በእመቤታችን ብዬ ለምኜያት ነው ያልነገረችዎት።”

ደረቀ ብዬ የተመካሁበት፣ በጋሽ ተካ ላይ በመንገድ ያፌዝሁበት ጆሮ፣ ጥጥ የተጠቀጠቀበት የሰባት ዓመት ልጅ ጆሮ ነበር። እንዳይነካው የተባለው ውኃም በየማለዳው ይገባበት ነበር፤ ስለ መቅደስ ክብር።

ያን ትምህርት አስታወስሁት። ግማሽ ትምህርት ነበር። ቀጥሎ ላስተምር ያሰብሁት፣ ሥርዓቱ የተሠራው ስለ ቅዱሱ ቦታ ክብር እንጂ ቁስለኛውን ለማሳፈር አለመሆኑን፤ ቁስለኛው እስኪድን በደጀ ሰላም ቆሞ ቢያስቀድስ ጸሎቱ በአምላክ ፊት ከማንም እንደማያንስ፤ እርሱን የማስታመሙ ግዴታም የወገኖቹ፣ ከወገኖቹም አስቀድሞ የአባቱ መሆኑን ነበር። የምሳ ሰዓት ደረሰና ለሌላ ቀን አሳደርሁት። በሌላው ቀን ሌላ ትምህርት ጀመርን።

ልጄ ፊቴን ያያል፤ አፌን ያያል። የምለው ነገር አለ ብሎ ይጠብቃል።

“ሶልያና ኅሩይ!” አለች ነርሷ ከውስጠኛው በር ላይ ሆና። ኅሩይ ከአፌ ላይ ዐይኑን አላነሣም። “ሶልያና ኅሩይ!” አለች ደግማ። የገዛ ስሙ ሁለት ጊዜ በጀርባው በኩል አለፈ። ሕፃኗ ግን በመጀመሪያው ጥሪ ብድግ ብላ ነበር፤ የአባቷን ጣት በሁለት እጇ ይዛ፣ “አባዬ፣ እኛን እኮ ነው የጠሩን” እያለች ወደ በሩ ትጎትተው ነበር።